የዘጋሁት ጋዝ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ንስሐ በገባሁ ቁጥር ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ እሱን ዘልዬዋለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገረው።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ በስደት አገር፣ ፌርፋክስ በሚባለው ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት ገና በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ፣ ከነዚያ በአንዱ አስተናጋጅ ነበርኩ። የምኖረው ፓልምስ ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከልቤ የማወራው ሰው ቢኖር ወጥ ሠሪዋ እትዬ አልማዝ ነበሩ። በብሬክ ሰዓት ጓሮ ተቀምጠን አብረን እንበላለን። ኑሮዬ ያቺ ግማሽ ሰዓት ነበረች።

ከዚያ ሶስና ተቀጠረች። ሳቂታ ናት። እትዬ አልማዝ «ልጄ» ይሏት ጀመር፤ እኔን አንድም ቀን እንዲያ ብለውኝ አያውቁም። ጓሮ ስወጣ ሁለቱ መብላት ጀምረው አገኛቸዋለሁ። ማንም ሂጂ አላለኝም፣ እንዲያውም ጠጋ ይሉልኝ ነበር። ታዲያ ምን አንገበገበኝ?

የሶዳ ማሽኑ ጓዳ ውስጥ ካለ የጋዝ ሲሊንደር ጋር የተያያዘ ነው። መጠጡ የሚፍለቀለቀውና ምላስ የሚቆነጥጠው ያ ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በግፊት ውሃው ውስጥ ሲገባ ነው፤ ያለ እሱ ስኳር የገባበት ውሃ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የክርስትና ግብዣ በነበረን ቀን፣ ሶስና ያለቀውን ሲሊንደር ቀየረች። አጠገቧ ቆሜያለሁ። መክፈቻውን ስታዞር አይቻለሁ። እሷ ስትወጣ መልሼ ዘጋሁት። እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ።

ምሳ ላይ እንግዶቹ ብርጭቆ መመለስ ጀመሩ። የሕፃኑ አባት የምግብ ቤቱን ባለቤት ጋሼ ታደሰን አስጠርተው፣ በእንግዶቼ ፊት አዋረዳችሁኝ አሉ። ጋሼ ታደሰ ጓዳ ገብተው ሲሊንደሩን ዝግ ሆኖ አገኙት። ሶስና ከፍቼዋለሁ ብላ በእመቤታችን ማለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አብረን ነበርን አይደል? ንገሪያቸው እስቲ።»

«እኔ አላየሁም» አልኩ።

ጋሼ ታደሰ መርሳቷን ይቅር ይሏት ነበር። ያባረሯት ውሸታም ናት ብለው ነው። ሽርጧን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ከዚያ ወዲያ እትዬ አልማዝ ጓሮ መውጣት ተዉ፤ ምሳቸውን ምድጃው አጠገብ ቆመው ይበላሉ። እኔ ጓሮውን ብቻዬን ወረስኩት። የፈለግሁት ይህን ነበር?

ከወራት በኋላ ዊልሻየር ጎዳና፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሶስናን አገኘኋት። አይታኝ አልሸሸችም፣ አቅፋ ሳመችኝ። ብዙ ጊዜ ሥራ ፈትታ ቆይታ አሁን ሚድ ዊልሻየር ሰፈር የመኪና ፓርኪንግ ውስጥ እንደምትሠራ ነገረችኝ። ከዚያ አንገቷን ደፋ አደረገች።

«ያን ቀን አንቺን መሃል ማስገባት አልነበረብኝም። ሳስበው ሳስበው፣ እኔው ሳልከፍተው ቀርቼ ይሆናል። ይቅር በይኝ።»

ልናገር ነበር። ብቸኝነት ነው፣ ቅናት ነው ማለት እችል ነበር። ያንን ለእናንተም ሰበብ አድርጌ አላቀርበው፤ ስንት ብቸኛ ሰው አለ፣ እንደኔ ያላደረገ። አውቶቡሷ መጣች።

«ግድ የለም ሶስዬ» አልኳት፣ «ይቅር ብዬሻለሁ።»