የአክስቴ መጅ

ሰው በቀልን ሲያወግዝ ስሰማ አክስቴ አልጣሽ ትዝ ትለኛለች። አውጋዡንም፣ አንድ ቀን ብቻ እንደ እሷ ተንበርክከህ ፍጭ ልለው ያምረኛል።

አክስቴ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በባለርስቱ በቀኛዝማች እንዳለው ቤት ፈጪ ነበረች። ያይኔአበባ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። ልጅቷ ትኩሳት ይዟት ከጓሮ ጎጆ ስታለቅስ፣ አክስቴ የድንጋይ ወፍጮውን መጅ ይዛ እንደተንበረከከች፣ "እሜቴ፣ ልጄን አንድ ጊዜ ልያት" ብላ ለመነች። እመቤቲቱ እህተ ማርያም፣ አንቱ ልላት አፌ እምቢ ይለኛል፣ ከማድቤቱ መደብ ላይ ተቀምጣ "ይህች ቁና ሳታልቅ አትነሽም" አለቻት። ቁናዋ ስታልቅ ልቅሶውም አልቆ ነበር። አክስቴ የደረሰችው ሬሳ ላይ ነው።

መሬት ለአራሹ የታወጀ ጊዜ ገበሬው የቀኛዝማችን በሬ ሲከፋፈል፣ አክስቴ ማድቤት ገብታ ከወፍጮው ላይ መጇን ብቻ አንስታ ወጣች። ሰዉ ሳቀባት። "ይቆየኝ" ብላ ይዛው ሄደች።

ሌላው አገር ፋብሪካ ተተከለለት፤ ባሕር ዳር ጨርቅ ይሸመናል ሲባል እንሰማለን። ለእኛ የደረሰን ገበሬ ማኅበሩ ያስመጣው አንድ የናፍጣ ወፍጮ ነው። እሱም ተአምር ነበር። ቱፍ ቱፍ ማለት ሲጀምር ሴቱ ሁሉ እልል አለ፤ መጁንም የበር ማስደገፊያ አደረገው። አክስቴ ግን መጇን ፊቱ እንዳይለሰልስ በየጊዜው ትወቅረው ነበር።

"ለማን ብለሽ ነው የምትወቅሪው?" ብላት፣ "ለባለቤቱ" አለችኝ።

ቀኛዝማች ሞተው ሙት ዓመታቸው ደረሰ። ቄሶቹ ለእሑድ ተጠርተው ሳለ ረቡዕ ዕለት ናፍጣው አለቀ፤ ከፍኖተ ሰላም ይመጣል የተባለው መኪናም ቀረ። እህተ ማርያም ለቄሶቹ እንጀራ የሚሆነውን ጤፍ ይዛ በየቤቱ ዞረች። "ሞተሩ ከመጣ ወዲህ መንበርከክ ረሳን፣ እሜቴ" እያሉ ሸኟት። ተዝካሩ ቢጎድል አገር እንደሚስቅባት ታውቃለች።

ሐሙስ ጠዋት አክስቴ መጇን አዝላ ወደዚያ ቤት ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። እህተ ማርያም ስታያት ፊቷ በራ።

"አልጣሽዬ፣ ልትፈጪልኝ መጣሽ? እግዜር ይስጥሽ!"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

"መጁን ላመጣልዎ ነው፣ እሜቴ" አለች አክስቴ። ማድቤት ገብታ ከወፍጮው ላይ አስቀመጠችውና መደቡ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

እህተ ማርያም መጁን አየች፤ ጤፏን አየች፤ ተንበረከከች። ጥቂት እንደፈጨች መዳፏ ተላጠ፤ እንባዋ ከዱቄቱ ላይ ጠብ አለ። እኔ አልዋሽም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ቁናዋ ስትጋመስ ከውጭ የልጅ ልቅሶ ተሰማ። ገና መሄድ ያልጀመረች የእመቤቲቱ የልጅ ልጅ ነበረች። እህተ ማርያም መጁን ለቃ ልትነሳ ስትል አክስቴ ቀድማት ወጣች። ሕፃኗን አዝላ፣ እሹሩሩ እያለች ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። ሕፃኗ ጀርባዋ ላይ ዝም አለች፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

"ልጅቱ ደኅና ናት፣ እሜቴ" አለች አክስቴ። "ይህች ቁና ሳታልቅ ግን አይነሱም።"