ያልዘጋኋቸው ፋይሎች

ኪቦርድ ጥርስ እንደሚያወልቅ ያወቅሁት ሲቀላ በሚባለው ሰፈር በነበረው ቢሯችን ውስጥ፣ በገዛ እጄ ነው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ለቢሮው አንድ ኮምፒውተር መጣልን። የላንቴ ቀበሌ ገበሬዎችን የመስኖ ውሃ ተራ እንመዘግብበት ነበር፤ ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት ደግሞ አንድ የዶርዜ ተወላጅ ባልደረባዬ። ተራው ከተዛባ ላንቴ ውስጥ ሰው በዶማ ይፈነካከታል። ደም የነካ ሸሚዙን አውልቆ ጠረጴዛዬ ላይ የወረወረብኝን ገበሬ እስካሁን አልረሳሁትም።

ከዚያ ማሽኑ መሞት ጀመረ። ሁልጊዜ ከሰዓት፣ ሁልጊዜ ባልደረባዬ ሲቀመጥበት። «በጣም ብዙ ፋይል ተከፍቷል» የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ይወጣና ፕሮግራሙ ቀጥ ይላል። እኔ ጠዋት ሙሉ የጻፍኩት ስም ደብዛው ይጠፋል። ሥራ አስኪያጃችን «አጥፊውን ካገኘሁት አባርረዋለሁ» አለ። እኔ አጥፊውን አውቄዋለሁ ብዬ ደሜ ፈልቷል።

በሦስተኛው ቀን ምሳዬን ሳልጨርስ ተመለስኩ። እሱ ቁልፍ ይጫናል፣ የእኔ ዝርዝሮች ከስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። አልጠየቅኩም። ኪቦርዱን ከነገመዱ ነቅዬ አፉ ላይ አሳረፍኩት። ሁለት ጥርሱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሊናገር ሲሞክር ደገምኩት። ዘበኛው ጎትቶ ባያስጥለው እገድለው ነበር። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ ብሎኝም ነበር።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ሠራሁ። ከሰዓት አንድ ፋይል ስጨምር ያው መልእክት ወጣ፣ ማሽኑ እጄ ላይ ሞተ። ከጠዋት ጀምሮ የከፈትኩትን ወረቀት ላይ ቆጠርኩ። አሥራ ስድስት። አንዱንም አልዘጋሁም።

ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት መዝገብ ቤት ነበር የምሠራው። እዚያ አለቃ ሳያየው ፋይል አጥፎ የዘጋ ሰው የደበቀው ነገር አለ ይባላል። እኔም አንዴ ዘግቼ በጥፊ ተመትቻለሁ። ስለዚህ ማሽኑም ላይ ሁሉን ክፍት ትቼ ለምሳ እወጣ ነበር። ባልደረባዬ አንድ ሲጨምር የማሽኑ አቅም ይሞላል፣ ያልተዘጋው ጽሑፍም አብሮ ይጠፋል። በመታሁት ቀን ነገሩ ገብቶት እየዘጋልኝ ነበር። ይህን እያወቅሁ ለማንም አልተነፈስኩም፤ የባልደረባዬ የስንብት ደብዳቤ ግን ተተይቦ አልቋል።

ዓርብ ረፋድ ላይ የዶርዜ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ለእርቅ ቢሯችን መጡ። በእነሱ ዘንድ ሳር በያዘ ሽማግሌ ፊት ማንም ለመምታት እጁን አያነሳም፤ የተደበቀ ነገር ካለም እርቁ እርቅ አይሆንም። ባልደረባዬ ፊቱ አብጦ ከኋላቸው ቆሟል። አንደኛው፣ አባቴን የሚያክሉ ሰው፣ እግሬ ሥር ተንበረከኩ።

«ልጄ፣ ሆድህ ያለውን ሁሉ አውጣ። ይሄ ልጅ ምን አደረገህ?»

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ይዞ ይጠብቃል።

«ምንም አላደረገኝም» አልኩ። «ማሽኑን የምገድለው እኔ ነኝ።»

አሥራ ስድስቱንም ተናገርኩ። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ባልደረባዬ በተሰነጠቀ ከንፈሩ መካከል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ዛሬስ ዘግተሃቸዋል?»

አልዘጋኋቸውም። አለቃችን ገና አላያቸውም ነበር።