አባባን ማጉረስ የተማርኩበት የካርቱም ጉዞ

ከኮምቦልቻ መነሳት

ካርቱም የሄድኩት ለመማር አልነበረም። እህቴ ዘይነባ ጓዟን ጠቅልላ እንድትመለስ ላግባባት ነበር። ደቡብ ሱዳን ከተገነጠለች ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። የአባባ ግራ ጎን ከሰነፈ ወዲህ በጎረሱ ቁጥር ሳል ያጣድፋቸዋል፤ በደረት ሕመም ሁለቴ ሐኪም ቤት ተኝተዋል። በኋላማ ምግብ ሲቀርብ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመሩ። ሐኪሙ «በዚህ ከቀጠሉ አይቆዩም» አለኝ። ዘይነባ ካርቱም አንዲት አልጋ ላይ የዋሉ ሐጃ ታስታምማለች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከጨርቅ በቀር የማውቀው የለም። ስለዚህ እሷ ትምጣ፣ አባባም ይትረፉ ብዬ ተነሳሁ።

መንገድ

በወልድያ በኩል ዞሬ ጎንደር አደርኩ፤ በማግስቱ መተማ ገባሁ። ድንበሩን በእግሬ ተሻግሬ ጋላባት ስደርስ ሙቀቱ ሸሚዜን ጀርባዬ ላይ ለጠፈው። ከገዳሪፍ ወዲያ አገሩ ሜዳ ብቻ ነው፤ ተራራ የለመደ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ለምሳ ስንቆም ፉል በዘይትና በሽንኩርት አቀረቡልን። አጠገቤ የተቀመጠ፣ ጀላቢያ የሚሉትን ረጅም ቀሚስ የለበሰ ሰውዬ ሳልጠይቀው ዳቦውን ገምሶ ሰጠኝ። የጀላቢያው ስፌት ጠማማ ነበር፤ ደግነቱን አይቼ ዝም አልኩ።

ካርቱም ስገባ መሽቶ ነበር። እዚያ ባጃጅን ረክሻ ይሉታል። ነጂው እስከ ጀብራ ሰፈር ሃያ ጊኔ ጠየቀኝ፤ ተከራክረን በአሥራ አምስት ወሰደኝ። አንድ ያገሬ ልጅ ቤት አረፍኩ።

ጀብራ፣ ዓርብ

ዘይነባ በማግስቱ ከምትሠራበት ሰፈር፣ ከአል-ጣኢፍ መጣች። ዓርብ የዕረፍት ቀኗ ነው።

«ጠቅልለሽ ነይ» አልኳት፣ ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ።

«ወላሂ ሰዒዴ፣ እኔ ከመጣሁ የአባባን መድኃኒት ማን ይገዛዋል? ያንተ መርፌ?»

ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ለመሆኑ የሚያጎርሳቸው ማነው?»

«ማን ያላጎረሳቸው አለ! ጎረቤት በይው ዘመድ፣ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ሳያጎርሳቸው አይሄድም። እኛም እንዳይደክማቸው ትራስ ላይ ጋደም እናደርጋቸዋለን።»

ፊቷ ተለወጠ። «አስተኝታችሁ? ያላ፣ ተነስ! ዛሬ ትምህርት አለን፤ አንተም ትገባለህ።»

ትምህርቱ እዚያው ጀብራ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ነው። ተማሪዎቹ ከአል-ጣኢፍና ከኦምዱርማን በአውቶቡስ የመጡ፣ በየሰው ቤት አረጋውያንን የሚያስታምሙ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ የወሎ ልጆች። አስተማሪዋ ሃናን ነርስ ነች። እናቷ ሐበሻ፣ አባቷ ሱዳናዊ፤ ካርቱም አድጋ አማርኛዋ ይንገዳገዳል። ከክፍሉ መሃል አንገረብ የሚሉት የገመድ አልጋ ተቀምጧል።

ዘይነባ የአባባን ነገር ነገረቻት። «አንተ በሽተኛ» አለችኝ ሃናን። «ተኛ። እጅ ማፊ። ወሬ ማፊ።» ማፊ ማለት የለም ነው። ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም እየሳቅኩ ተጋደምኩ።

«ዘይነባ፣ እነሱ ለአባት እንደሚሰጡ፣ ለሱም ስጪ።»

ዘይነባ ምንም ሳትናገር እርጎ በማንኪያ አፌ ውስጥ ከተተች። ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ሳለ የፊተኛው ሳይወርድ ሁለተኛው ተከተለ። ትን አለኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ። በቃኝ ለማለት እጄን ላነሳ ስል ሃናን «እጅ ማፊ!» አለች። እውነቴን ነው፣ ፈራሁ። አባባ ፊታቸውን የሚያዞሩት እህል ጠልተው እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ለካ ፈርተው ነው!

ሃናን ደግፋ አስቀመጠችኝ። «አንተ ጤነኛ ነህ፣ እንዲህ ሆንክ። ሽማግሌውስ? ጉርሻ ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ፤ እናቴ ለኔም ታጎርሳለች። ግን ጉሮሮ ታሟል። ሹወያ ሹወያ።» በትንሽ በትንሹ ማለቷ ነው። ከዚያ አሳየችን፤ ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ከማጉረስ በፊት መንገር፣ አገጭን ዝቅ ማስደረግ፣ ጥቂት በማንኪያ ሰጥቶ እስኪውጡ መጠበቅ፣ በልተው እንደጨረሱም ቶሎ አለማስተኛት።

እስከሚቀጥለው ዓርብ ቆየሁ። ያሳደረኝን ያገሬን ልጅ ወንበር ላይ እያስቀመጥኩ በማንኪያ ሳበላው ሰነበትኩ። «አንተ ሰውዬ፣ በገዛ እጄ ልብላ!» እያለ ተማጸነኝ። በሁለተኛው ዓርብ ሃናን ስሠራ አይታ «ኩወይስ» ስትለኝ፣ ጥሩ ማለቷ ነውና፣ መጀመሪያ ኮት ሰፍቼ ያስለበስኩ ቀን የተሰማኝ ደስታ ተሰማኝ።

ዘይነባ አውቶቡስ ድረስ ሸኘችኝ። «በኔም እጅ አጉርስልኝ» አለችና አለቀሰች። እሷን ላመጣ ሄጄ ሙያዋን ይዤ ተመለስኩ።

ቤት

ስደርስ ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል። የአባባ የልጅነት ጓደኛ ሸህ ይመር እጃቸው ላይ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አባባ አፍ ሲያጎነብሱ ደረስኩ። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። የሸሁን እጅ ያዝኩ።

«ይቅር ይበሉኝ ሸህ ይመር። ይህ ጉርሻ አባባን ይጎዳቸዋል።»

የሰው ጉርሻ መመለስ በኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ላብ አጠመቀኝ። ሸሁ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሱትና «እንግዲያው ያንተን እንየዋ» አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

አባባን ቀጥ አድርጌ አስቀመጥኩና ፊት ለፊታቸው ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ። «አባባ፣ ላጎርስዎ ነው። አገጭዎን ዝቅ ያድርጉልኝ።» ወፈር ያለ አጥሚት በማንኪያ ጫፍ ሰጠኋቸው። ጠበቅኩ። ሁሉም አብሮኝ ጠበቀ። ዋጡ፤ አላሳላቸውም። ደገምኩ። ሳህኑ ሲያልቅ የእንግዶቹ ሻይ ቀዝቅዟል፤ ሸህ ይመርም ወንበራቸውን ወደኔ አስጠግተው ማንኪያዋን በዓይናቸው ሲከተሉ ነበር።

አባባ ጤነኛ ቀኝ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ትሪው ሰደዱ። ሽምብራ የምታክል እንጀራ ቆርሰው ወደኔ ዘረጉ። አፌን ከፍቼ ተጠጋሁ። እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ።

«አገጭህን» አሉኝ በተሳሰረ አንደበታቸው፣ «ዝቅ።»

ዝቅ አደረግኩና ጎረስኩ።