ቅቤ የጠጣ ምላጭ

የመጀመሪያው የመስኮት ሥራዬ ራሴ ያንጠባጠብኩትን ቀለም መፋቅ ነበር። መካነ ሰላም ውስጥ የተቀጠርኩት ለቀለም ቀቢነት ነው። ጊዜው የኢሕአዴግ ዘመን ነው፤ የዐረብ አገር ገንዘብ ከተማችንን ብሎኬትና መስታወት ማልበስ የጀመረበት ሰሞን። አንድ ፎቅ ስንቀባ ከኔ ብሩሽ የወረደው ቀለም ከግድግዳው ይልቅ መስታወቱን አስጌጠው። ፎርማናችን ጋሽ አስፋው ከፀጉር አስተካካዩ ቤት ግማሽ ምላጭ አስመጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

እኩለ ቀን ላይ ተመልሰው ሲመጡ ሦስት ጣቴን ቆርጫለሁ።

«ይመር፣» አሉ ደሙን እያዩ፣ «ፋቅ አልኩህ እንጂ እረድ አልኩህ?»

ያም ሆኖ ሥራውን ወደድኩት። የደረቀ ሲሚንቶ ቅርፍ ብሎ ሲነሣና ከኋላው ሰማይ ብቅ ሲል ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁንም ደስ ይለኛል።

የጢም ምላጭ ለመስታወት አይሆንም። ስስ ነው፤ ገፋ ሲያደርጉት ይለመጣል፣ ሲብስበትም ይሰበራል። ስለዚህ ደሴ ሄጄ ከአንድ የሕንፃ ዕቃ መደብር ባለ እጀታ መፋቂያ ገዛሁ። ምላጩ አንድ ወገኑ ብቻ የተሳለ፣ ጀርባው ወፈር ያለ፣ ስፋቱ ሦስት ጣት ነው። መለዋወጫው አሥር አሥር ሆኖ ይታሸጋል። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ «ይመር ምላጩ» ይለኝ ጀመር፤ እኔም አልጠላሁትም።

እትየ ሀዋ ሊያሠሩኝ የመጡት በጥር ነው። ልጃቸው ዘይነባ ጅዳ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ሠርታ ያሠራችው ቤት አልቋል። አሥራ አራቱ መስኮቶች ግን በሲሚንቶና በቀለም ተዥጎርጉረዋል። ልጅቱ ሐሙስ ትገባለች።

«ልጀ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው መስኮት ስትወለውል ኖረች፤» አሉኝ። «እቤቷ ገብታ ጨርቅ ካነሣች ወላሂ ሞቻለሁ። አደራህን።»

«አብሽሩ እትየ፣ ፊትዎን የሚያዩበት አደርገዋለሁ» አልኳቸው።

ጉራዬ ያለ ምክንያት አልነበረም። የቀሩኝን ዘጠኝ ምላጮች ክረምቱን ሙሉ እንደ ዓይኔ ብሌን ጠብቄያቸዋለሁ። የኛ አገር ጉም ብረት አይምርም። አባቴ ጠመንጃቸውን በቅቤ ሲወለውሉ እያየሁ ስላደግሁ፣ እኔም እያንዳንዱን ምላጭ ቅቤ አጠጥቼ በላስቲክ ጠቀለልኩት። አንድም አልዛገም። ሱሪዬ ላይ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ሥራ ጀመርኩ፤ ቅቤው ያንሸራትትልኛል ብዬ ውሃ እንኳን አልነካሁም።

ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ ጨረስኩ። መስታወቱ ያብለጨልጫል። እትየ ሀዋ መረቁኝ፤ ምርቃታቸው ደግሞ ረጅም ነው።

ሐሙስ ገበያ ነበር። ከጧት ጀምሮ ከከላላ በኩል የመጣው በቅሎና ፍየል በዚያ ቤት ደጅ አለፈ። አቧራው መስኮቶቹ ላይ አረፈ፣ አርፎም ቀረ። እትየ ሀዋ አስጠርተውኝ ብጠርገው ይባስ ተለወሰ። ዝንቦችም ወሬውን ሰምተው መጡ። ዘይነባን ይዞ ከወረኢሉ የመጣው አውቶቡስ ጡሩምባውን ሲነፋ አሥራ አራቱም መስኮቶች የጭቃ ግድግዳ መስለው ነበር።

ዘይነባ እናቷን ስማ ሳትጠግብ ዓይኗ መስኮቱ ላይ አረፈ። ቀርባ ጣቷን በመስታወቱ ላይ አሳለፈችና አሸተተችው።

«እማየ፣ ይሄ ቅቤ ነው! መስኮቱን ሹሩባ ልትሠሩት ነው?»

እየሳቀች እጇ በልማድ ደረጃው ላይ ወደተቀመጠው ጨርቅ ተዘረጋ። እትየ ሀዋ ጮኹ። «ወላሂ እንዳትነኪው!» እያለቀሱ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አደራ የተባልኩት ይህችን አንድ ነገር ነበር።

ጨርቁን ቀድሜ አነሣሁት። «አንቺ ቁጭ ብለሽ እዘዢኝ» አልኳት።

እኔን አየች፣ እናቷን አየች። ከዚያ ወንበር አስወጥታ ግቢው መሐል ተቀመጠች፣ እግሯን አነባበረች፣ ድምጿንም እንደ ማዳሟ አቀጠነችው።

«ያላ! ሙቅ ውሃ በሳሙና! ምላጮቹም ይምጡ!»

እትየ ሀዋ እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ።

ቅቤውን በሙቅ ውሃ ሳጥብ እሷ ምላጮቹን አንድ በአንድ መረመረች። አፋቸውን በሻርፗ ጫፍ ላይ ቀስ አድርጋ ታሳልፋለች።

«አየኸው? ክር ያዘ። ይሄ ጥርስ አለው፤ መስታወት ይነክሳል። ጣለው።»

ከዘጠኙ አምስቱን አስጣለችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ምላጭ ስመርጥ የማየው ዝገቱን ብቻ ነበር።

«ሳታርሰው እንዳትነካው» አለችኝ ቀጥላ። «ወደፊት ግፋው እንጂ ወደኋላ አትጎትተው፤ አሸዋውን ከሥሩ ይዞ መስታወቱን ይጭረዋል።» እኔ «እሺ ማዳም» እላለሁ፣ ጎረቤቱ ከአጥር ማዶ ይስቃል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አሥራ አራተኛውን ጨረስኩ። ዘይነባ ጨርቅ አልነካችም። ተነሥታ ሻንጣዋን ከፈተችና ከልብሷ ሥር አዲስ መፋቂያ አወጣች፤ እጀታው ረጅም፣ ምላጩ አንድ ስንዝር።

«ይሄን ምን ብለሽ አመጣሽው ልጀ?» አሉ እናቷ።

«አሥራ አራት መስኮት ስትይኝ፣ ከኔ በቀር ማን ይፍቀዋል ብየ ነዋ።»

እትየ ሀዋ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ስጭው» አሉ።

እጀታው ዛሬም በእጄ ነው፤ ምላጩን ስንት ጊዜ እንደቀየርኩለት አላውቅም። ሥራውን ለምትጀምሩ የምነግራችሁ ይህን ነው። ምላጭ በክር ይፈተናል። ክር የያዘ፣ አዲስም ቢሆን ይጣላል። የተረፈው በደረቅ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ቅቤ ለፀጉር ነው።