ያሸሁት ክርን

የልጅ ልጄ ሶስና ባለፈው ሐሙስ ከልምምድ ተመልሳ ቦርሳዋን ሳታወርድ ክፍሌ ገባችና በሩን ዘጋች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ከወንዶች ጋር ቤዝቦል ትጫወታለች፤ በቡድኑ ያለችው ሴት እሷ ብቻ ናት፤ ኳስ ወርዋሪያቸውም እሷ ናት።

«እማማ፣ ክርኔን ማሳጅ አድርጊልኝ። ለኮች ግን እንዳትነግሪው፣ ኦኬ? ቅዳሜ ፒች ማድረግ አለብኝ።»

«አላደርግም» አልኳት።

«ዋይ፣ ለምን? የአባዬን ወገብ ታሺለት የለ?»

እውነቷን ነው። የወጌሻ ልጅ ነኝ፤ የወገብም የቁርጭምጭሚትም በሽተኛ ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም። ክርን ግን ከነካሁ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለምን እንደሆነ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ከሱዳን ስደት ተነሥቼ ቴክሳስ ስገባ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ሥራ ያገኘሁት ከፎርት ዎርዝ ወጣ ብሎ፣ ከትልቁ ሊግ በታች የሚጫወት አንድ የቤዝቦል ቡድን ዘንድ፣ ልብስ አጣቢ ሆኜ ነው። ማጠቢያው ክፍል መስኮት አልነበረውም፤ በበጋ እንደ ምድጃ ይግላል። የተጫዋቾቹን ሱሪ ኪስ ስገለብጥ የሱፍ ገለባ ይዘረገፋል። ሱፍ እኛ ዘንድ ተወቅጦና ተጠልሎ በጾም ይጠጣል፤ እነሱ ጨው ነስንሰው ያኝኩና ገለባውን ይተፉታል። እሱን እየጠረግሁ፣ ቀዩን አፈር ከሱሪዎቹ ጉልበት ላይ በብሩሽ እየፈተግሁ እውል ነበር።

ዳኒ የዚያ ቡድን ኳስ ወርዋሪ ነበር። ዱላ ለያዘው ሰው ኳሷን የሚወረውርለት እሱ ነው፤ እንጀራውም ክንዱ ነው። አብራኝ የምትሠራ ሜክሲኳዊት እግሯን ወለም ብሏት አሽቼላት ቆማ ስለሄደች፣ ወሬው ደርሶት አንድ ቀን ከሰዓት ማጠቢያው ክፍል መጣ። በነጋታው ከትልቁ ቡድን ሰዎች ሊያዩት ይመጣሉ። ከወደዱት ይወስዱታል።

ክርኑን ዘረጋልኝና፣ እንግሊዝኛው ገና አልገባ ስላለኝ በእጁም በዓይኑም እያገዘ፣ «ለማንም አትናገሪ» አለኝ። «ለወጌሻችንም። ከሰማ አያሰልፈኝም።»

የእነሱ ወጌሻ ፎጣውን በእጁ አጥፎ የሚያመጣልኝ፣ ጠዋት ጠዋት ዶናት የሚያካፍለኝ ሽማግሌ ነው።

ጣቴን ከክርኑ በታች ባሳረፍኩ ጊዜ አወቅሁት። ግሏል፤ ስጫነውም እንደ ሊጥ ገባ። አባቴ እንዲህ ያለውን አሳይቶኝ ነበር። «ይህ ይታሰራል እንጂ አይታሽም» ነበር የሚለው። «ብታሺው ሕመሙን ትሸፍኚለታለሽ፤ እሱም ደህና የሆነ መስሎት ይሠራበታል፣ ይበጥሰዋል።» ይህን እያወቅሁ ቫዝሊን በብረት ክዳን አሙቄ አሸሁት። እዚህ አገር ከመጣሁ ሰው እጄን ፈልጎ ደጄ ድረስ ሲመጣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ምክንያቴ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም።

ዳኒ ክንዱን አሽከርክሮ ሳቀ። «አስማተኛ ነሽ» አለኝ።

በነጋታው ከማጠቢያው በር ላይ ቆሜ አየሁት። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ወረወረ። ከዚያ አንዷን ወርውሮ ተቀመጠ። ሲበጠስ ሰማሁ ብል ዋሸሁ፤ ሩቅ ነበርኩ። ያየሁት አንዱን ክንድ በሌላው እንደ ሕፃን ታቅፎ ሲወጣ ነው። ከዚያ በኋላ በደመወዝ ኳስ አልወረወረም።

አለቆቹ ማን አሰለፈህ ብለው ሲጠይቁት፣ «ወጌሻው አይቶኝ ደህና ነህ ብሎኛል» አላቸው። ሽማግሌው በሳምንቱ ተባረረ። ዕቃውን ሊወስድ መጥቶ ፎጣዎቹን እንደ ልማዱ አጠፈና አስረከበኝ።

«አንድ ቀን እንኳ አመመኝ አላለኝም» አለኝ። «ቢለኝ አስሬለት አልነበር?»

የቫዝሊኑ ዕቃ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ዝም አልኩ። ሰዎች ዛሬ በዕድርም በቤተ ክርስቲያንም «እትዬ ጥሩነሽ ሰው ሲበደል ዝም አይሉም» ይሉኛል። ይህ ጠባዬ ከየት እንደመጣ አያውቁም።

ዳኒን ከዓመታት በኋላ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ አገኘሁት። እኔ ዊልቸር እገፋለሁ፣ እሱ ሻንጣ ይጭናል፤ በግራ እጁ። ሰላምታ ብቻ ነበር የምንለዋወጠው። ጡረታ ሲወጣ ሮውሌት በምትባለው ከተማ ሐይቁ ዳር ልጆች ማሠልጠን ጀመረ። ሶስናን እዚያ ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ። የልጅ ክንድ እንደ እሱ የሚጠብቅ የለም፤ ውርወራ እየቆጠረ ያስቆማል፣ ወላጅ ቢጮህበትም አይሰማም።

አርብ ዕለት እያለቀሰች ወደ ኮቿ፣ ወደ ዳኒ ወሰድኳት። «ራስሽ ንገሪው» አልኳት። ነገረችው። ክርኗን ዳሰሰና፣ «ስድስት ሳምንት፤ ኖ ፒቺንግ» አለ። ከዚያ ለልጆች ሁሉ የሚናገረውን ጀመረላት፤ አንድ ወጌሻ ደህና ነህ ብሎ እንዴት ወደ ሜዳ እንደላከው።

«ውሸት ነው» አልኩ። «ሽማግሌው ክንድህን አላየውም። ያሸሁህ እኔ ነኝ። መታሸት እንደሌለበትም አውቅ ነበር።»

የማይዘረጋውን ክንዱን በሌላው ያዘ። «እሱ ሞቷል» አለ። «ይህን የምናውቀው ሁለታችን ነበርን።»

«አሁን ሦስት ነን» አልኩት።

ሶስና አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። ለዳኒ የተናገርኩት ለሽማግሌው ምንም አላደረገለትም፤ አርባ ዓመት ዘግይቶ የመጣ እውነት ለሞተ ሰው ሥራውን አይመልስም። መናገር ሸክም ያቀላል ሲሉ እሰማ ነበር። እኔን አላቀለለኝም።

መኪና ውስጥ ቀበቶዋን ላስርላት እጄን ስዘረጋ ክንዷን ሸሸት አደረገችብኝ። አልተቆጣሁም። እጄን መለስኩና መኪናውን አስነሣሁ።