የኮርነሯ ሼድ ዕጣ

ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ ጃንጥላ ዘርግቶ ሎተሪ የሚሸጥ ሰውዬ አለ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ከገዢዎቹ አንዱ ሳይጠራኝ አይቀርም። የሒሳብ መምህር መሆኔን ከተማው ያውቃል፤ ለብዙዎች ደግሞ የሒሳብ መምህር ማለት የሚወጣውን ቁጥር ደብቆ የያዘ ሰው ማለት ነው። «መምህር፣ በሰባት የሚያልቅ ከወጣ ቆይቷል፤ አሁን ተራው አይደል?» ይሉኛል። ቁጥር ተራ እንደማይጠብቅ፣ ዕጣው ባለፈው ምን እንደወጣ እንደማያስታውስ አስረዳቸዋለሁ። በጥሞና ያዳምጡኛል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ በሰባት የሚያልቀውን ገዝተው ይሄዳሉ። እኔ ሎተሪ ገዝቼ አላውቅም። ሃይማኖቴም አይፈቅድልኝ፣ ስሌቱም አይፈቅድልኝ፤ ሁለቱ ከተስማሙ እኔ ማን ነኝ?

በሒሳብ ስከራከር መለሳለስ አልችልም። ባለቤቴ «አንተ ልክ ስትሆን ታስጠላለህ» ትለኛለች፤ አልዋሸችም። ትክክል መሆኔን ካወቅሁ ድምፄ ይጨምራል፣ እጄም ጠመኔ የያዘ ይመስል አየር ላይ ይጽፋል።

እሷ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ነች፤ ጄሪካን፣ ሳፋ፣ ጆግ ትሸጣለች። ለዓመታት የነገደችው አስፋልት ዳር ላስቲክ ወጥራ፣ ጠዋት ዕቃውን አውጥታ ማታ እየሰበሰበች ነው። እንደ እሷ ሜዳ ላይ ለሚነግዱ ሴቶች ሃያ የቆርቆሮ ሼድ ተሠራና በዕጣ ይከፋፈል ተባለ። ከሃያው አንዷ ኮርነር ላይ ነች። በሁለት በኩል ትከፈታለች፤ አንደኛው በሯ ከጨፋ ሮቢት በኩል የሚመጣው ገበሬ ከመኪና የሚወርድበት ፊት ለፊት ነው። ሌላዋ ከኋላ ቦዩ ጠርዝ ላይ ነች፤ ክረምት ሲመጣ ውሃ እንደሚገባት ሁሉም ያውቃል። የቀሩት ያን ያህል አይበላለጡም። ባለቤቴ ኮርነሯን ፈለገቻት። ሌላ ነገር እንዲያ ስትፈልግ አይቻት አላውቅም። ከሥራ ስትመለስ ከመንገዷ ታጥፋ ባዶዋን ሼድ አይታ ትመጣ ነበር፤ መደርደሪያው የት እንደሚቆም ሳይቀር ወስናለች።

ጠቡ የተነሳው ማን ቀድሞ ያውጣ በሚለው ነው። «ቀድመው ያወጡት ጥሩ ጥሩውን ከወሰዱት ለእኛ ምን ይተርፋል?» ተባለና ሁሉም ልቅደም አሉ። በመጀመሪያው ስብሰባ ሲጋፉ የዕጣው ወረቀት ያለበት ሳፋ ተገለበጠ፣ ወረቀቱ መሬት ላይ ተበተነ፣ ሁሉም ተኳርፈው ወደየቤታቸው ሄዱ። ዕጣውን እንዲመሩ የተመረጡት ሽማግሌ በማግስቱ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ።

«ኮቱ መምህር፣ ና እስቲ። ሴቶቹ ሊጣሉብን ነው፤ ይሄን ነገር አንተ አስረዳልን» አሉኝ፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛ እየቀላቀሉ።

ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ሰበሰብናቸው። ሦስት የለስላሳ ቆርኪ ወስጄ የአንዱን ውስጥ በከሰል አጠቆርኩና አገላብጬ ደፋኋቸው። ሦስት ሰዎች ተራ በተራ አነሱ። «የመጀመሪያው ዕድሉ ከሦስት አንድ ነው» አልኩ። «ሁለተኛው የሚመርጠው ከሁለት ነው፤ ደስ እንዳይለው ግን፣ ጥቁሩ ቀድሞ ተነስቶበት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ምንም አይመርጥም፣ ሁለቱ ጥቁሩን ከሳቱት ግን የእሱ ነው። ሳይጀመር በፊት የሦስቱም ዕድል እኩል ነው። ቀደማችሁ ዘገያችሁ፣ ያው ነው።» ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ደጋግመው ሞከሩት፤ ጥቁሩም ሦስቱም ዘንድ ይዞር ጀመር። አንድ ሰው ይሄ ነገር ቁማር አይሆንም ወይ ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው «ገንዘብ አስይዞ መበላላት ነው ቁማር፤ የጋራን መካፈል ዕጣ ነው፤ ሐራም የለበትም» ብለው ዘጉት።

ከሃያዎቹ አንዷ፣ በርበሬ የምትሸጠው ሴትዮ ግን ዝም አላለችም። በከሚሴ ገበያ በአሽሙር የሚስተካከላት የለም። «እንግዲያው ያው ከሆነ ሚስትህ መጨረሻ ታውጣ» አለች።

ሁሉም ሳቁ። እኔ መልስ ሳልሰጥ ባለቤቴ ከተቀመጠችበት «እሺ፣ መጨረሻ ላይ አወጣለሁ» አለች። በርበሬ ሻጯም እልህ ያዛትና ከእሷ ፊት ያለውን ተራ ለራሷ ወሰደች። ከዚያ ወዲያ ልቅደም ያለ አልነበረም፤ ተራው እዚያው በረንዳ ላይ አለቀ።

ቤት ስንገባ «እውነት ነው አይደል?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ያው ነው ያልከው።»

«ያው ነው» አልኳት። ሌላ ጥያቄ አላነሳችም፤ እኔም አንድም ጥርጣሬ አልነበረኝም።

የዕጣው ቀን እያንዳንዷ የየራሷን ዘዴ ይዛ መጣች። አንዷ ቀኝ እጇ በሌላ ሰው እጅ እንዳይነካ ከጠዋት ጀምሮ በግራዋ ስትጨብጥ ነበር። ሌላዋ ከታች ያለው ይሻላል ብላ በጨርቅ በተሸፈነው ሳፋ እጇን ወለሉ ድረስ አዘለቀች። ቢስሚላህ የምትለው ቢስሚላህ ትላለች፣ የምታማትበው ታማትባለች። እኔ ባለቤቴ ስላለችበት ወረቀቱን እንዳልነካ ራሴ ጠይቄ ዳር ላይ ቆሜያለሁ። ሽማግሌው የወጣውን ሁሉ ወዲያው ከፍተው ጮክ ብለው ያነባሉ።

ኮርነሯ አልወጣችም። ግማሾቹ አውጥተው አስር ሲቀሩ የባለቤቴ ዕድል ከአስር አንድ ሆነ፤ አምስት ሲቀሩ ከአምስት አንድ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ሁለት ወረቀት ብቻ ሲቀር ሽማግሌው ጨርቁን አነሱት፤ እኩል የታጠፉ ሁለት ወረቀቶች ሳፋው ውስጥ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ያልወጡትም ሁለት ሼዶች ናቸው፤ ኮርነሯና የቦዩ ዳሯ።

በርበሬ ሻጯ እጇን ሰደደችና መለሰችው። «እቴዋ፣ ወላሂ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አንቺ ቅደሚኝ» አለች። አሁን አሽሙር አልነበረባትም፤ የምር ፈርታለች።

እኔ «ቅደሚ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ሴት፣ ለእያንዳንዷ ከሁለት አንድ፤ የትኛዋም ብትቀድም የሚለወጥ ነገር እንደሌለ እዚያ ከነበሩት ሁሉ አሳምሬ የማውቀው እኔ ነኝ። ልቤ ግን እንደ ሎተሪ ገዢዎቹ ሆኖ ትቅደም፣ ትቅደም ይለኛል። በራሴ አፈርኩና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ባለቤቴ ሳፋው ውስጥ ጥቂት አየች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ እኔ ተመለከተች፤ ምክር የምትጠይቅ አትመስልም ነበር።

«ያው ነው፤ ተራሽ ስለሆነ አንቺ አውጪ» አለቻት።

በርበሬ ሻጯ አወጣች። ሽማግሌው ከፍተው «ኮርነር» ብለው አነበቡ። ሴትዮዋ ባለቤቴን አቅፋ አለቀሰች፤ ባለቤቴም ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች አባበለቻት። የተረፈውን ወረቀት ማንም ሊከፍተው አልፈለገም።

«መምህር፣ ሒሳቡ ወዴት ገባ?» አለኝ አንዱ ከኋላዬ።

«እዚያው ነው። ከሁለቱ አንዷ ማግኘት ነበረባት፣ አገኘች» አልኩት። ድምፄ እንደ ወትሮው ከፍ እንዳለ ነበር። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያጋጥም ስሌቱን የሚጠራጠር ሰው፣ ኮርነሯ ደርሳውም ቢሆን ኖሮ የሚያምነው በዕድሉ እንጂ በስሌቱ አልነበረም።

ክረምት ገባ፣ ውሃውም እንደተፈራው ቦዩን ዘልሎ መጣ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ሄጄ ብሎኬት እየደረደርኩላት ጄሪካኖቹን ከወለሉ ላይ እናነሳለን። አንድ ቀን እንዲያ ስንሠራ፣ ፊቷን ወደ ዕቃው እንዳዞረች «እኮ እኔም ዓይኔ ያረፈው እሷ ባነሳችው ላይ ነበር» አለች።

«በየትኛው?»

«በዚያኛው ወረቀት ነዋ። ወደኔ ባለው። ብቀድም እሱን ነበር የማነሳው።»

ብሎኬቱን እንደያዝኩ ቆምኩ። «ታዲያ ቅደሚ ስትልሽ ለምን አልቀደምሽም?»

ዞር ብላ አየችኝ። «ያው ነው ብለህ የለም እንዴ? ያን ሁሉ ሰው ሰብስበህ፣ ቆርኪ ደፍተህ። እኔ ብቀድም ማን ያምንህ ነበር?»

«ያው ነው» አልኳት። ነገሩም እውነት ነው።

«እኮ» ብላ ጄሪካኑን አቀበለችኝ።

ከዚያ በኋላ ለሌሎች ሼዶች ዕጣ ሲወጣ ልቅደም ብሎ የተጋፋ አልነበረም። እኔም በየዓመቱ ይህን ትምህርት በሦስት ቆርኪ አስተምራለሁ። የሼዱን ታሪክ፣ ሁለት ወረቀት መቅረቱን፣ ባለቤቴ ቦዩ ዳር መግባቷን ሁሉ እነግራቸዋለሁ፤ ቀደመች ዘገየች ዕድሏ እኩል እንደነበር ሰሌዳው ላይ ሠርቼ አሳያቸዋለሁ፣ እነሱም ሠርተው ያገኙታል። ዓይኗ ያረፈው በየትኛው ወረቀት ላይ እንደነበር ግን ለክፍሉ ነግሬ አላውቅም።