ወንድሜን መቼ ልጥራው

በደርግ ጊዜ ነው። ደብረ ታቦር አስተምር ነበር፤ እናቴም ከእኔ ጋር ትኖር ነበር። ጡቷ ላይ የወጣውን ነቀርሳ ጎንደር በቀዶ ሕክምና አውጥተውላት ተገላገልን ብለን ነበር። በዓመቱ ለምርመራ ስንመለስ ግን ሐኪሙ ቀኝ ጎኗን ደጋግሞ ዳሰሰና እኔን ብቻ ወደ ውጭ ጠራኝ።

"ወደ ጉበቷ ተዛምቷል" አለኝ።

"በምን ያህል ፍጥነት ነው የሚያድገው?"

"እንደ ሰዉ ነው። አንዳንዱ ላይ ወራት ይቆያል፤ አንዳንዱ ላይ በሳምንታት ይገሰግሳል። ሆዷ ከተነፋ፣ ዓይኗም ቢጫ ከሆነ ፈጥኗል ማለት ነው።"

ለእሷ ጨጓራ ነው አልኳት። እንዲህ ያለውን ለበሽተኛ መንገር በእኛ ዘንድ ጭካኔ ነው።

ያስጨነቀኝ የወንድሜ ነገር ነበር። ሐረርጌ ተመድቦ ያስተምራል፤ አንዴ ፈቃድ ከሰጡት ሁለተኛ አይሰጡትም። ቶሎ ብጠራው ደህና ሆና አግኝቷት ይመለስና በመጨረሻዋ ሰዓት አይኖርም፤ ብዘገይ ደግሞ በሕይወት አያገኛትም። ስለዚህ ሥራዬ እናቴን መሰለል ሆነ። ጠዋት መቀነቷን ስትታጠቅ ጫፉ አጠረ አላጠረ እያልኩ አፈጥባታለሁ። ዓይኗን ለማየት ሰበብ እየፈጠርኩ ወደ ፀሐይ አዞራታለሁ።

"ልትሸጭኝ ነው እንዴ፣ እንደ በግ የምታገላብጭኝ?" ትለኛለች።

አንድ ሰሞን ደህና ትመስላለች፤ ወዲያው ደግሞ ቀሚሷ ይጠብባታል። ክፍል ውስጥ ቆሜ የማስተምረው ይጠፋኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ዓይኗ ቢጫ ሆኖ አየሁት። እየሮጥኩ ቴሌ ሄጄ ወንድሜ ትምህርት ቤት ደወልኩ። እሱ ክፍል ገብቶ ስለነበር፣ ስልኩን ላነሣው ሰው "እናቱ ታማለችና ቶሎ ይምጣ በሉልኝ" አልኩ። በድንጋጤ አንድ ነገር ዘነጋሁ። በአገራችን ሞትን በስልክ የሚናገር የለም፤ ሰው ሲሞት የሚባለው ይኸው ነው፣ ታማለች ቶሎ ና። ባልደረቦቹም እንደ ለመዱት ተረዱትና ተሰብስበው መርዶ ነገሩት።

የደረሰ ቀን እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ደጅ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። ከመንገዱ "ወይኔ እናቴ፣ ወይኔ እናቴ" የሚል የወንድ ለቅሶ ሰማን። ወንድሜ ራሱን ተላጭቶ፣ ጥቁር ለብሶ የግቢውን በር ገፍቶ ገባ። ሲያያት እግሯ ሥር ተደፋ።

የተላጨ ራሱን ደጋግማ ዳሰሰች።

"ሟች የልጁን ለቅሶ አይሰማም፤ እኔ ሰማሁ" አለችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ሐኪሙ ያለሽ አሁን ገባኝ። ነይ አንቺም አልቅሺ፣ እዚሁ እያለሁ።"

አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ።